የደነዘዘው ክንዴ

ናይሮቢ፣ ሳውዝ ሲ፣ ከምኖርበት ግቢ ፊት ለፊት መንገዱን እየጠገኑት ነው። ባለፈው ሳምንት ጠዋት መስኮቱን ስከፍት የሬንጅ ሽታ ቤቱን ሞላው። ሌላ ሰው ቢሆን አፍንጫውን ይዞ መስኮቱን ይዘጋል፤ እኔ ግን ክርኖቼን በመዳፎቼ ሸፍኜ እንደቆምኩ ቀረሁ። ስልሳ ስድስት ዓመቴ ነው፣ የልጅ ልጅ አይቻለሁ፤ ያ ሽታ ሲመጣብኝ ግን የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ እሆናለሁ፣ ሰው ያየኛል ብዬ እሸማቀቃለሁ። የእኔ ልጅነት የሚሸተው ሬንጅ ነውና ምን ላድርግ። ሰሞኑን ደግሞ ፍርሃት ጭራሽ አልለቀቀኝም። ሩት የምትባል የጎረቤቴ ልጅ በእኔ አፍ ምክንያት ሆስፒታል ተኝታለች። እንዴት እዚያ እንደደረሰች ለመናገር ከሩቅ መጀመር አለብኝ፤ ታገሡኝ።

ያኔ አዲስ አበባ፣ ፒያሳ፣ ከወርቅ ቤቶቹ ዝቅ ብሎ ጥጉ ላይ አንድ ፋርማሲ ነበር። ነጭ ጋዋን የለበሱ፣ መነጽራቸው አፍንጫቸው ጫፍ ላይ የተንጠለጠለ ሰውዬ ከጓዳ ገብተው ጥቁር ቅባት በቆርቆሮ ቀምመው ያመጡልን ነበር። ሦስት ብር ከሃምሳ። ማኪያቶ በስሙኒ በሚጠጣበት ጊዜ ሦስት ብር ከሃምሳ ማለት ቀላል አልነበረም፤ እናቴ ከመቀነቷ ፈትታ ስትከፍል ፊቷን አላይም ነበር። ቅባቱ ከሬንጅ የተሠራ ነው። ሁለቱ ክርኖቼና ከክርኖቼ በታች ያለው ቆዳ ቀልቶ፣ ላዩ ላይ እንደ ዓሣ ቅርፊት ያለ ነጭ ነገር ተደርቦበት፣ ስነካው ይራገፋል፣ ያሳክከኛል፣ ሳክከው ይደማል። ዛሬ ስሙ ሶሪያሲስ እንደሆነ አውቃለሁ፤ ከሰው ወደ ሰውም አይተላለፍም። ያኔ ግን በሰፈሩ ሰው አፍ የሚታወቀው ስም አንድ ብቻ ነበር፣ እሱም ቁምጥና ነው። እናቴ ቃሉን ጠርታው አታውቅም፤ «ያ ነገር» ነበር የምትለው። መጀመሪያ ጠበል ወሰደችኝ፣ አልሆነም። ከዚያ ሐኪም ቤት። ሐኪሙ አይደለም ቢላትም አላመነችውም፤ በየሳምንቱ ጣቶቼን አንድ በአንድ ትቆጥራቸው ነበር። እኔም ከእሷ ተምሬ ብቻዬን ስሆን እቆጥር ነበር።

ዘመኑ ደግሞ የእጅጌ ጠላት ነበር! ሚኒ የመጣበት፣ ፀጉር አፍሮ የተበጠረበት፣ ወንዱ በቤልቦተም ሱሪው መንገድ እየጠረገ የሚሄድበት ጊዜ። ጓደኞቼ ክንዳቸውን አጋልጠው፣ ከሙዚቃ ቤቱ በር በሚወጣው ዘፈን ትከሻቸውን እየሰበቁ ሽቅብ ቁልቁል ይላሉ። እኔ በጠራራ ፀሐይ እጅጌዬን እስከ መዳፌ ስቤ ከኋላ እከተላለሁ። «አስቴር መነኩሴዋ» ይሉኝ ነበር። ስፌት የተማርኩት እንግዲህ በዚህ ምክንያት ነው። የሚያምር ቀሚስ ሁሉ እጅጌ የለውም፤ ስለዚህ ፖፕሊኑን ሜትሩን በሁለት ብር ገዝቼ ራሴ እጅጌ እቀጥልበት ነበር። ፊኛ እጅጌ፣ ደወል እጅጌ፣ ጫፉ በዳንቴል የተዘጋ እጅጌ። ሰው ያየና «ይኼን ማን ሰፋልሽ?» ይለኛል፣ ቀስ በቀስም «ለእኔም ስፊልኝ» የሚለው በዛ። እንጀራዬ የወጣው ከአፈርኩበት ነገር ነው ማለት ይቻላል።

ከዚያ ነገር ዓለሙ ተገለባበጠ፣ አገር ጥለን ወጣን፣ ናይሮቢ ኢስሊ አንዲት ክፍል ውስጥ ከአንድ የእግር ሲንጀር ስፌት መኪና ጋር ተቀመጥኩ። አቤት ያ ጊዜ! ማታቱ የሚባለው ታክሲ በአሥር ሽልንግ፤ ያውም ሙዚቃው መስታወቱን እያንቀጠቀጠ፣ ኮንዳክተሩ በር ላይ ተንጠልጥሎ እየጮኸ። ቢያሻራ ስትሪት ሄጄ ከሕንዶቹ ሱቅ ቁራጭ ጨርቅ እለቅማለሁ፣ ጊኮምባ ገበያ ወርጄ ከሚቱምባ፣ ከልባሽ ጨርቅ ክምር ውስጥ የፈረንጅ ኮት አውጥቼ ፈትቼ ለልጅ እሰፋለሁ። ብርድም ስላለ ስለ ረጅም እጅጌዬ የሚጠይቀኝ የለም፤ ደስ አለኝ። ግን አንድ ነገር ያኔ ነው ያስተዋልኩት። ፖሊሶቹ በኢስሊ እየዞሩ ኪፓንዴ፣ ማለትም መታወቂያ፣ የሚጠይቁበት ሰሞን፣ እኔም ወረቀቴ ያልተሟላ ጊዜ፣ ከመኪናቸው ድምፅ ቀድሞ ክርኔ ይነግረኝ ነበር። መጀመሪያ ይነዝረኛል፣ ከዚያ ይበላኛል፣ በሁለተኛው በሦስተኛው ቀን ቅላቱ ወደ መዳፌ ይወርዳል። ጎረቤቴን «ፍርሃቴ በቆዳዬ ይወጣል» ስላት ሳቀችብኝ። እኔም አብሬ ሳቅኩ እንጂ ቀልዴን አልነበረም።

ዓመታቱ እንዲህ አለፉ። ወረቀት ተገኘ፣ ጌታን አገኘሁ፣ ልጆች አደጉ፣ ወደ ሳውዝ ሲ መጣን። የዛሬ ሁለት ዓመት ግድም በሞምባሳ ሮድ ስመጣ የተሳፈርኩበት ማታቱ ከፊቱ ካለው መኪና ጋር ተላተመ፤ የመስኮቱ መስታወት ተሰብሮ ግራ እጄን ከክርኔ ከፍ ብሎ ከጀርባው በኩል ቀደደኝ። ሰፉልኝ፣ ቁስሉ ዳነ፣ ጠባሳው ቀረ። ከጠባሳው በታች ግን ክንዴ የእኔ አልመስል አለኝ፤ ስነካው የሌላ ሰው ገላ የምነካ ነው የሚመስለኝ። ከሁለት ሦስት ወር በኋላ አንድ ጠዋት ስታጠብ አየሁት። አምሳ ዓመት ሙሉ የተሸከምኩት ቅርፊት ከግራ ክርኔ ላይ የለም! ቆዳዬ ለስልሶ፣ ነጥቶ፣ እንደ ሕፃን ገላ ሆኗል። መታጠቢያ ቤቱ ወለል ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ።

እኛ ቤተ ክርስቲያን ደግሞ እንዲህ ያለ ነገር ሲገጥም ዝም አይባልም። ሁርሊንግሃም አካባቢ በተከራየነው አዳራሽ በየእሁዱ የምስክርነት ሰዓት አለ፤ ፈውስ ያገኘ፣ ቪዛ የወጣለት፣ ከባሏ የታረቀች፣ ሁሉም ወጥቶ ይናገራል። እኔ በሠላሳ ዓመት ውስጥ ወጥቼ አላውቅም፤ ፈሪ ነኝ። ያን ቀን ግን ወጣሁ። እጅጌዬን በሕዝብ ፊት ሰበሰብኩ፣ በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ። «ጌታ ዳሰሰኝ» አልኩ። «እጁ እስካሁን እላዬ ላይ አለ፤ ቦታው ደንዝዟል፤ የእርሱ እጅ ያረፈበት ስለሆነ የሰው እጅ አይሰማኝም።» አዳራሹ በእልልታ ተናጋ። ቀኝ ክንዴ እንዳለ ነበር፤ እሱን አላሳየሁም። ስጠየቅም «ከግራ ጀምሯል፣ ቀኙንም ይጨርሰዋል» አልኩ። ቪዲዮው ከስልክ ስልክ ዞረ፤ ከማላውቃቸው ሰዎች ሳይቀር «እህት አስቴር፣ ተባረኪ» የሚል መልእክት ይመጣልኝ ጀመር።

ወዲያው አይደለም ጉዱ የፈላው። አንድ ቀን የሙሽራ ሚዜ ልብስ እየተኮስኩ፣ በስልክም እያወራሁ፣ ሥጋ ሲያርር ሸተተኝ። ጎረቤት ወጥ ያረረባት መስሎኝ «ኧረ እሳቱን ቀንሺ!» ብዬ በመስኮት ልጮህ ስል ዝቅ ብዬ አየሁ። ካውያው ግራ ክንዴ ላይ ተደግፏል። ቆዳዬ ተልጦ ካውያው ላይ ተጣብቋል፤ እኔ ምንም አልተሰማኝም። እናቴ ትዝ አለችኝ፣ የምትቆጥራቸው ጣቶች ትዝ አሉኝ። በልጅነቴ የሰማሁት ሁሉ ተመልሶ መጣ፤ ያ በሽታ ሲጀምር ቆዳው ይደነዝዛል፣ እሳት ቢነካው አይሰማም ይሉ ነበር። ስልኩን ጥዬ እዚያው ቆሜ፣ የስልሳ ምናምን ዓመት ሴትዮ፣ ጣቶቼን ቆጠርኩ።

በማግሥቱ ወደ ቆዳ ሐኪም ሄድኩ። ዶክተሯ ኬንያዊት ናት፣ ከልጄ ታንሳለች፤ የተቃጠለውን አጥባ ከሸፈነችልኝ በኋላ በጥጥ ነካካችኝ፣ በመርፌ ወጋጋችኝ፣ ጠባሳውን ደጋግማ አየችው። «ማማ፣ ቁምጥና አይደለም» አለችኝ፤ «እሱም ቢሆን ዛሬ በኪኒን የሚድን በሽታ ነው።» ከዚያ ግን ቀኝ ክንዴን ገልጣ፣ ከግራው ጋር አስተያይታ ፈገግ አለች። እንግሊዝኛዋን በእኔ አማርኛ ልንገራችሁ። «ነርቭ ወሬ ወደ አንጎል ብቻ የሚያደርስ አይምሰልዎ። ወደ ቆዳውም መልሶ ያወራል። ጫፉ ላይ የሚረጨው ነገር አለ፤ የደም ሥሮቹን ያሰፋል፣ የሰውነትን ወታደሮች ኑ ድረሱ ብሎ ይጠራል። በእርስዎ በሽታ የመጣ ጠላት የለም፤ ወታደሮቹ ግን በተጠሩ ቁጥር የራስዎን ቆዳ ይደበድባሉ። ሲፈሩና ሲጨነቁ የሚብስብዎትም አንዱ ምክንያት ይኼ ነው። እዚህ ጋ መስታወቱ ነርቩን ቆረጠው። የሚጠራቸው ሲጠፋ ጠቡ በረደ።» ሁሉም ሰው ላይ እንደማይሆን፣ እንዲህ የሆነባቸው ሰዎች ግን ከዚህ ቀደምም እንደታዩ ነገረችኝ።

«ነርቩ ተመልሶ ቢያድግስ?» አልኳት።

«ሊያድግ ይችላል፣ ቀስ ብሎ። ስሜቱ ከተመለሰ ግን በሽታውም አብሮ ሊመለስ ይችላል። መከታተል ነው። መድኃኒት የሚወስዱ ከሆነ ደግሞ በራስዎ እንዳያቋርጡ፤ በድንገት ሲያቋርጡት መላ ገላቸው የሚቃጠልባቸው አሉ፣ ሕይወትም ያሳጣል።»

ከክሊኒኩ ስወጣ ለመንገዱ ጀርባዬን ሰጥቼ አጥር ተደግፌ ቆምኩ። ታዲያ አሁን ምን ልበል? የፈወሰኝ ማታቱ ነው ብዬ ልመስክር? ሳቄ መጣ፣ ግን አልሳቅኩም። እግዚአብሔር ቢቆጣስ? ፓስተሩ ምን ይላሉ? ያ ሁሉ «ተባረኪ» ያለኝ ሰውስ? ቤቴ ገብቼ ዝም አልኩ። አንድ ሳምንት፣ አንድ ወር፣ ሁለት ወር ዝም አልኩ። እሁድ እሁድ ሰው ክንዴን ይዞ ሲያመሰግን ጥርሴን ነክሼ «አሜን» እላለሁ። ማታ ደግሞ ከመተኛቴ በፊት ክንዴን እቆነጥጣለሁ፤ ስሜቱ ተመልሶ እንዳይሆን እፈራለሁ፣ ሳይመለስ ሲቀርም ደስ ስለሚለኝ አፍራለሁ። እንዲህ ያለ ፍርሃት ደርሶባችሁ አያውቅ ይሆናል፤ አይድረስባችሁ።

ሩት የጎረቤቴ የሰናይት ልጅ ናት፣ ከእኛ ሕንጻ ቀጥሎ ነው የሚኖሩት። ሃያ ዓመቷ ነው፣ ዩኒቨርሲቲ ትማራለች፣ እዚሁ ናይሮቢ ስላደገች አንቱታ አይሆንላትም፤ እኔን በእንግሊዝኛው «አንቲ» ብላ «አንቺ» ትለኛለች፣ እኔም ደስ ይለኛል። የእኔው በሽታ ነው ያለባት፣ ከእኔ የባሰ። ረጅም እጅጌ ያለው ልብስ ሁሉ የምሰፋላት እኔ ነኝ፤ ሁለታችን ብቻችንን ስንሆን እጅጌያችንን ሰብስበን ክርን ለክርን እያስተያየን እንስቅ ነበር። በሳምንት አንድ ቀን የምትውጠው ኪኒንና የምትቀባው ነበራት፣ በዚያ ደህና ሆና ነበር። በዚህ የናይሮቢ የሐምሌ ብርድ ሁለት እሁድ ከቤተ ክርስቲያን ስትቀር እናቷን ጠየቅኳት።

«እትዬ፣ ጾም ጸሎት ይዛለች» አለችኝ ሰናይት፣ ፊቷ ግን ልክ አልነበረም። «ከወር በፊት ያንቺን ቪዲዮ እንደገና ካየች ጀምሮ መድኃኒቱን ጥላዋለች። እኔም ምን እላለሁ? በእምነቷ ልግባ?»

የዶክተሯ ቃል ጆሮዬ ላይ ጮኸ። ቤቷ ድረስ እየሮጥኩ ሄድኩ፤ በእኔ ዕድሜ መሮጥ ከተባለ። ሩት ሁለት ብርድ ልብስ ተከናንባ ትንቀጠቀጣለች። ፊቷ፣ አንገቷ፣ እጇ፣ መላ ገላዋ ቀልቷል፤ አንሶላው ላይ ቅርፊቷ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ተበትኗል። ግንባሯን ስነካው እጄን አቃጠለኝ።

«አንቲ፣ ኢትስ ኦኬ» አለችኝ፣ ከንፈሯ ተሰነጣጥቆ። «ሊድን ሲል ነው የሚብሰው፣ አይደል? ያንቺም እንደዚህ ነበር?»

አልቻልኩም። ግራ እጅጌዬን ሰበሰብኩና አጠገቧ ቁጭ አልኩ። «ቆንጥጪኝ» አልኳት። «በጥፍርሽ፣ ባለ በሌለ ኃይልሽ።» ግራ ገብቷት ቆነጠጠችኝ። ፊቴን አየች። ጨመረች። ደም ወጣ። እኔ ዓይኔን እንኳ አላርገበገብኩም።

«አይሰማሽም?»

«ምንም። መስታወቱ ነርቩን ቆርጦታል፤ የዳነው የደነዘዘው ቦታ ብቻ ነው። ቀኙን እይው።» ቀኝ እጅጌዬን ገለጥኩላት። ቅርፊቱ እንዳለ አለ። ዶክተሯ ያለችኝን ሁሉ ነገርኳት፣ ስሜቱ ሲመለስ በሽታው ሊመለስ እንደሚችልም ሳይቀር።

ሩት ሁለቱን ክንዶቼን አስተያየች። ከዚያ «ይኼንን መቼ ነው ያወቅሽው?» አለችኝ።

«ሁለት ወር ሆነኝ።»

«ሁለት ወር? እና ዝም አልሽ?»

«ፈራሁ፣ ሩትዬ።»

ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ሰናይት በሩ ላይ ቆማ ነበር፤ ሁሉንም ሰምታለች። ስልኳን አውጥታ ታክሲ ጠራች። ሆስፒታል ሲያስገቧት ሐኪሙ ቆዳዋ ሙቀትና ውሃ መያዝ እንዳቆመ፣ ኢንፌክሽንም እንደጀመራት፣ ሁለት ሦስት ቀን ቢዘገይ ኖሮ ልቧ እንደማይችለው ነገረን። ኮሪደሩ ላይ እኔ በአንድ ጫፍ፣ ሰናይት በሌላው ጫፍ ተቀመጥን። ሠላሳ ዓመት በአንድ ትሪ የበላን ሰዎች ነን።

በቀጣዩ እሁድ ሳልጠራ ተነሥቼ ማይክራፎኑን ያዝኩ። ሁለቱንም እጅጌ ሰበሰብኩ፤ ግራውንም ቀኙንም አሳየሁ። መስታወቱን፣ ነርቩን፣ ካውያውን፣ ሁለቱን ወር፣ ሩትን፣ ሁሉንም ተናገርኩ። «ጌታ አይፈውስም አላልኩም» አልኩ፤ «እኔ ግን ሳላጣራ በስሙ ተናገርኩ፣ ካወቅኩ በኋላም ዝም አልኩ። መድኃኒት የተወ ካለ ዛሬውኑ ሐኪሙ ጋ ይሂድ።» እልል ያለ የለም። ፓስተሩ ማይክራፎኑን ተቀብለው «እንጸልይ» ብቻ አሉ። ስወጣ ሰላምታ የነሡኝ ነበሩ። አንዲት እናት ግን መጸዳጃ ቤት በር ላይ ጠብቀው እጄን ያዙኝና በሹክሹክታ «የኔ ልጅ፣ እኔም የስኳሬን መድኃኒት ካቆምኩ ሰነበትኩ» አሉኝ። በዚያው ይዣቸው ወደ ክሊኒክ ሄድኩ።

ሩት ግን ሆስፒታል ልጠይቃት በሄድኩ ቁጥር ዓይኗን ትጨፍን ነበር። እንዳልተኛች አውቃለሁ፤ ትንሽ ቆሜ እመለሳለሁ። ትናንት ከሰዓት በኋላ ግን ስገባ ትራሷን ተደግፋ ተቀምጣለች። ቅላቱ በርዷል፣ ፊቷ ተመልሶ የእሷ ሆኗል። አልጨፈነችም። ወንበሩን ስቤ በስተግራዋ ተቀመጥኩ።

«እሁድ ተናገርሽ አሉኝ» አለች።

«ተናገርኩ።»

«ፊት ለፊት? ሁለቱንም እጅሽን?»

«ሁለቱንም።»

«ፈራሽ?»

«ልወድቅ ነበር እኮ።»

ትንሽ ሳቀች፤ ከንፈሯ ገና ስላልዳነ ይዛው ነው የሳቀችው። ከዚያ እጇን ዘርግታ የቆነጠጠችኝን ቦታ፣ ግራ ክንዴን፣ በመዳፏ ሸፈነችው። «ሶሪ፣ አንቲ፣ አደማሁሽ» አለችኝ።

ምንም አይደለም ልላት አፌን ስከፍት ጉንዳን የሚሄድብኝ መሰለኝ። አንሶላው ነክቶኝ ነው ብዬ ዝቅ ብዬ አየሁ፤ ምንም የለም፣ እጇ ብቻ ነው። ከዚያ ቀስ እያለ ሙቀት መጣ። ሁለት ዓመት ሙሉ የሌላ ሰው ገላ በመሰለኝ ቦታ ላይ የልጅቷ መዳፍ ሞቀኝ። እጅጌው ሁሉ፣ ቅርፊቱ፣ ማሳከኩ፣ የእናቴ ጣት ቆጠራ፣ አምሳ ዓመቴ በአንድ ጊዜ መጣብኝ፤ ተነሥቼ ልሮጥ ነበር።

«ሩትዬ» አልኳት፣ «እጅሽ ይሞቃል።»

ዓይኗ ፈጠጠ። ምን ማለት እንደሆነ ታውቃለች፣ የነገርኳት እኔው ነኝ። «ኦ ኖ፣ አንቲ» ብላ እጇን ልታነሳ ስትል በቀኝ እጄ ያዝኩት።

«አታንሺው» አልኳት። «ይቆይ።»